የጅማቶቹ ተረከዝ

በዚያ መንገድ ላይ «የጅማቶቹ ጫማ ቤት የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል። የሰፈሩ ሰውማ ምን ሲል ይጠይቃል! በመድኃኒት ቤቱና በፀጉር ቤቱ መሀል የተሸጎጠች፣ በሯ ሲከፈት የማስቲሽ ሽታ ከባለቤቷ ቀድሞ እንግዳ የሚቀበልባት ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ከመስኮቱ ሥር የቆዳ መስፊያው መኪና አለ፤ ከመኪናው ኋላ ደግሞ እትዬ አለች።

እትዬ ማለት የጀመሩት ታናናሾቿ ናቸው። ኋላ ሰፈሩ ወረሰው፤ ዛሬ በዕድሜ የሚበልጧት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «እትዬ፣ እስቲ ይቺን ሶል እዪልኝ» ይሏታል። ሙያው የአባቷ ነበር። ወንዶቹ ይወርሱታል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ወንዶቹ ቁጭ ብሎ መስፋት ሞት መሰላቸውና ወደ ጭነት ሥራ ነጎዱ፤ ወስፌውን ይዛ የቀረችው ሴቷ ሆነች። እጇ የተባረከ ነው። እሷ የሰፋችው ጫማ ሶሉ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይፈታም፤ ይህንንም ለማንም ከመናገር ወደኋላ አትልም። ትሕትና ሙያ ለሌለው ነው ባይ ናት።

ጅማቶቹ የተባሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያ ቤት ሰው ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት እንደ ሌላው ሰው ቀጭን ሳይሆን የጭነት ገመድ ያህል ወፍራም ነው። በጣቶቻቸው አንጓም ላይ ጠጠር የመሰለ ጠንካራ እብጠት ይወጣል፤ አያምም፣ አያሳክክም። ጡጫ ሲጨብጡ ጎልቶ ስለሚታይ ጠብ የሚፈልግ ሰው ሁለቴ እንዲያስብ ያደርገዋል። አባትየው ይህን የጉልበት ማኅተም ነው ይል ነበር። ልጆቹ ጉርምስና ላይ ሲደርሱ አንድ በአንድ እያስቆመ፣ ጎንበስ ብሎ የተረከዛቸውን ጅማት በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ ያደርግና፣ «ይኼ ነው ገመድ! ይኼ የኔ ልጅ ነው!» ብሎ ትከሻቸውን ይመታል።

የእትዬ ተራ የደረሰ ቀን አባቷ ቆንጠጥ አደረገ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ቆንጠጥ አደረገ። ዕቃ ጠፍቶት የሚፈልግ ነበር የሚመስለው። በመጨረሻ ራሷን ዳበስ አድርጎ፣ «አንቺስ እናትሽን ነው የወጣሽው» አላት። ክፉ አስቦ አይደለም። እሷ ግን ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ከዚያም ወዲያ ብዙ ጊዜ ካልሲዋ ውስጥ ከተረከዟ በላይ ጥጥ እየወተፈች ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ጥጡ ሾልኮ መንገድ ላይ ሲወድቅ ታላቅ ወንድሟ፣ ጋሼ የሚሉት፣ አየና አንስቶ ኪሱ ከተተው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም። እትዬ ጋሼን ከሁሉ አብልጣ መውደድ የጀመረችው ያን ቀን ነው።

የገበያ ጫማ ለዚህ ቤት ሰው አይሆንም፤ ኋላው ጅማቱን እየላጠ ያቆስላል። ስለዚህ አባትየው ለእያንዳንዱ የራሱን ፎርማ ቀረጸለት። ፎርማ ማለት ጫማ ሲሠራ ቆዳው የሚወጠርበት የእንጨት እግር ነው። እንጨቱ ላይ፣ ከተረከዙ በላይ፣ ቁራጭ ቆዳ በትንንሽ ሚስማር ይመታበታል፤ የባለቤቱ ጅማት በወፈረ ቁጥር ሌላ ቁራጭ ይደረብበታል። ፎርማዎቹ የሚሰቀሉት በሱቁ ግድግዳ ላይ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ፎርማ በመስኮቱ በኩል፣ የሞተ ሰው ፎርማ ደግሞ ወደ ውስጥ፣ ከቁም ሳጥኑ በላይ። ሥርዓቱን ያወጣው አባትየው ነው። አንዱ ሲሞት ፎርማውን ከመስኮቱ አንስቶ ወደ ውስጥ የሚያሻግረው ጫማ ሰፊው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም።

አባትየውን ያሻገረችው እትዬ ናት። ምሳውን በልቶ፣ መዶሻውን እንደጨበጠ ወንበሩ ላይ ዘንበል አለ፤ በቃ። አጎቷን ደረጃ ላይ ወድቆ አገኙት። ጋሼ የጭነት መኪናው ውስጥ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መሪውን እንደያዘ ነው የሄደው። ከወንዶቹ አምሳን የደፈነ የለም፤ በዚያ ቤት ሽበት ያበቀለ ወንድ ታይቶ አይታወቅም። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሁሉ «ሳይማቅቅ፣ ማንንም ሳያስቸግር፣ በቁሙ!» ይላል፤ ቤተሰቡም አንገቱን ቀና አድርጎ ይቀበላል። «የጅማቶቹ ወንድ ታሞ አይሞትም» በሰፈሩ የታወቀ አነጋገር ነበር። እትዬም ትለው ነበር፤ ስትለው ደግሞ ከልቧ ነው።

ከወንድሞቿ የቀራት ታናሿ ብቻ ነው። ክሬን ይሉታል። ፍሪጅ በጀርባው አዝሎ ፎቅ የሚወጣ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ሊፍት የተበላሸበት ሕንፃ ሁሉ ስልክ ቁጥሩን ያውቃል። ሲስቅ የሱቁ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ሱቁ በገባ ቁጥር ደግሞ በመስኮቱ በኩል የተሰቀለውን የራሱን ፎርማ በጡጫው ኳ ሳያደርግ አይቀመጥም። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ስለነበር አዝላ ያሳደገችው እትዬ ናት። «እኔ እሱን አዘልኩ፣ እሱ ፍሪጅ አዘለ» እያለች ትቀልዳለች።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ወጣት ሴት የተነቀለ ታኮ በእጇ ይዛ እያነከሰች ሱቁ ገባች።

«ቁጭ በይ ልጄ» አለቻት እትዬ ጫማውን እያገላበጠች። «ይቺን የሠራት ማን ነው? በምራቅ ነው እንዴ የለጠፋት?»

ሴትየዋ ሳቀች። እትዬ ሚስማር ስትመርጥ እንግዳዋ ግድግዳውን ማየት ያዘች። ዓይኗ በመስኮቱ በኩል ጀምሮ ሄዶ ሄዶ ከቁም ሳጥኑ በላይ ሲደርስ ቆመ። ሳቋም እዚያው ጠፋ።

«እነዚያ ፎርማዎች ኋላቸው ለምንድን ነው እንዲህ የተደራረበው?»

እንግዲህ እትዬን ይህን መጠየቅ ነው! አባቷን፣ ገመዱን፣ ጡጫውን፣ ጋሼ ጠበኞችን እንዴት በአንድ እይታ እንደሚበትን፣ ሁሉንም እያጣፈጠች አወራቻት። ሴትየዋ ግን እንደሌላው ሰው «ወይ ጉድ!» አላለችም።

«እነዚህ ሰዎች አሁን የት ናቸው?»

«ወደ ውስጥ የተሰቀሉት? አልፈዋል።»

«በምን አለፉ?»

«በምንም። የኛ ቤት ወንድ ታሞ አይሞትም» አለች እትዬ እንደልማዷ ቀና ብላ።

ሴትየዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ ሐኪም መሆኗን ነገረቻት። ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ስለ ኮሌስትሮልና ስለ ልብ በሽታ የሚያጠና ቡድን አለ፤ እሷም የዚያ ቡድን ሰው ናት። ኮሌስትሮል በሁሉም ሰው ደም ውስጥ ያለ ቅባት ነው፤ የተረፈውን ጉበት ከደሙ እየለቀመ ያነሳዋል። በአንዳንድ ቤተሰብ ግን ይህ የመልቀም አቅም ሲወለዱ ጀምሮ የጎደላቸው ሰዎች አሉ። ቅቤ በሉ አልበሉ፣ ወፈሩ ቀጠኑ፣ ቅባቱ ደማቸው ውስጥ ይከማቻል። ማረፊያ ሲያጣ ጅማት ላይ ይቀመጣል፤ የጣት አንጓ ላይ ይቀመጣል።

«የልብን የደም ቧንቧም ከውስጥ እየለበጠ ያጠብበዋል» አለች ዶክተሯ ዝግ ብላ። «እትዬ፣ ያ ጉልበት አልነበረም። በሽታው ነው።»

«አባቴ አንድ ቀን ታሞ ተኝቶ አያውቅም!» አለች እትዬ መዶሻውን አስቀምጣ። «አንቺ ገና በእናትሽ ጀርባ ሳለሽ እሱ…» ታኮውን መታች፣ ጫማውን አስረከበቻት፣ ሂሳብም አልቀበልም አለች። ከንዴት ነው እንጂ ከደግነት አልነበረም። ዶክተሯ አልተከራከረችም። ስልክ ቁጥሯን ጽፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ወደ ውስጥ ለተሻገሩት ምንም ማድረግ አልችልም። በመስኮቱ በኩል ላሉት ግን መድኃኒት አለ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው እትዬ።»

ያን ቀን እትዬ አንድ ስፌት አልሰፋችም። ጠረጴዛው ላይ የማስቲሹ ጣሳ ነበር። አፉ ዙሪያ የደረቀ ማስቲሽ በየቀኑ እየተደራረበ ስለጠበበ ብሩሹ የሚገባው በግድ ነው። ዘወትር የምታየው ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን አፍጥጣ ቀረች። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ የጋሼን ፎርማ አወረደች። ተረከዙ ላይ የተደራረቡትን ቁራጮች በአውራ ጣቷ ዳበሰቻቸው። አባቷ ከሞተ ወዲህ የተደረቡትን አንዷንም ሳታስቀር የመታቻቸው እሷ ናት፤ በመታች ቁጥርም «ጨመረ! ጎሽ የኔ አንበሳ!» ትለው ነበር። ሞቱን በእጇ እየለካች ስታሞግሰው እንደኖረች ገባት። ፎርማውን አቅፋ አለቀሰች፤ እንባዋ ሲያልቅ ስልኩን አነሳች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እትዬ ሞኝ ስላልሆነች ከወረቀቱ ወገን ትመደብ። የአጎት ልጆችን፣ የአክስት ልጆችን፣ ተጋብተው ራቅ ያለ ሰፈር የገቡትን ሳይቀር እየዞረች ሰበሰበች። «ደሜን ለምን እሰጣለሁ?» ላለ፣ «ትንኝ በነፃ ትወስደው የለም እንዴ?» ትላለች። «ጤነኛ ነኝ» ላለ፣ «አባቴም ጤነኛ ነበር» ትለዋለች። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ የመጡት ሳይንስን ለመርዳት ሳይሆን ከእትዬ ለመገላገል ነው።

የጥናቱ ክፍል ረጅም ኮሪደር መጨረሻ ላይ ነው። የፕላስቲክ ወንበሮች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ነርሷ ባለ ቀለም ክዳን ብልቃጦች ይዛ ትጠብቃለች። በባዶ ሆድ ኑ ስለተባሉ ጅማቶቹ ተርበው፣ ተነጫንጨው፣ እነዚያን ጡጫዎች ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሲደረደሩ፣ ነርሷ «ለጠብ ነው የመጡት ወይስ ለምርመራ?» ብላ ዶክተሯን በጆሮዋ ጠየቀቻት። እትዬ ሰማች። ደስም አላት።

ዶክተሯ በትልቅ ወረቀት የቤቱን የዘር ሐረግ ስላ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ወንዱ ካሬ ነው፣ ሴቷ ክብ፤ በሽታው ያለበት ይጠቁራል፣ የሌለበት ባዶውን ይተዋል። ውጤቱ የመጣ ዕለት እትዬ ወረቀቱ ፊት ቆመች። አባቷ ጠቁሯል፤ አጎቷ ጠቁሯል፤ ጋሼም ጠቁሯል። የእሷ ክብ ባዶ ነው። ስንት ዘመን አልፎ ያ ጥጥ ትዝ አላት።

«የኔ ደም እንግዲህ ለምንም አይሆንም ማለት ነው» አለች።

«እንዴት አይሆንም!» አለች ዶክተሯ። «ከአንድ አባት ተወልደው በሽታው የሌለባቸውን ካላገኘን፣ ያለባቸው በምን እንደሚለዩ በምን እናውቃለን? ባዶዎቹ ከጠቆሩት እኩል ያስፈልጉናል። ይህን ሁሉ ሰው ጎትተው ያመጡት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

እትዬ ከሆስፒታሉ ስትወጣ ካልሲዋን ወደ ታች ጠቅልላ፣ ቀጭን ተረከዟን ለፀሐይ ሰጥታ ነው ወደ ሱቋ የተመለሰችው።

ወረቀቱ ላይ የጥያቄ ምልክት የቀረበት አንድ ካሬ ነበር፤ የክሬን ካሬ። ሚስቱ ከእትዬ ጋር ወግና ትንሿን ሴት ልጃቸውን አስመርምራለች፤ የልጅቷ ክብ ጠቁሯል። የእናትየዋ ደም ንጹሕ ስለሆነ ልጅቷ ከየት እንዳመጣችው ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ክሬን «ልጅ ናት፣ ዶክተሯ ያለችውን ታድርግ» ብሎ ፈቀደ። ወደ ራሱ ሲመጣ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

«እትዬ፣ ያቺ ዶክተር የሆነ ነገር አስነክታሻለች።»

«አፈር ስሆንልህ፣ አንዴ ብቻ ተወጋ።»

«ፍሪጅ አዝዬ ፎቅ ስወጣ ያላየኝ ነው መርፌ የሚወጋኝ! ልቤ ቢታመም እኔ አላውቅም?»

«ጋሼ አወቀ?»

ክሬን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ጋሼ እንደ ጀግና ነው የሞተው» አለ ቀጥሎ። «እኔም ቀኔ ሲደርስ እንደሱ ነኝ። አልጋ ላይ ተኝቼ እንድታገላብጪኝ ነው የምትፈልጊው?»

«አዎ!» አለች እትዬ። «አርጅተህ፣ ጥርስህ ወልቆ፣ እየተነጫነጭክ ላገላብጥህ ነው የምፈልገው!»

ክሬን መስታወቱን የሚያንቀጠቅጠውን ሳቁን ስቆ ወጣ። እሷ አልሳቀችም። ጋሼ የሞተበት ዕድሜ ላይ ሊደርስ ትንሽ እንደቀረው ሁለቱም ያውቃሉ።

ነፋሻ በሆነ አንድ ጠዋት ክሬን የሥራ ቦቲውን ለማሠራት መጣ። ወዲያው አልገባም። እትዬ በመስኮቱ ስታየው የበሩን መቃን ደገፍ ብሎ ቆሟል፤ ግንባሩ በላብ ተጠምቋል፤ ግራ ክንዱን ይዳብሳል።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ቁርሴን አጣድፌው ነው» አለ። ቦቲውን አውልቆ አሮጌ ሸራ ጫማ አጠለቀ፤ እንደልማዱ ፎርማውን ኳ አድርጎ፣ «ከሰዓት እወስደዋለሁ» ብሎ ሄደ። ፎርማውን የመታው ቀስ ብሎ ነበር።

እሱ ከዓይኗ እንደተሰወረ እትዬ ተነሳች። የክሬንን ፎርማ ከሚስማሩ ላይ አወጣች። በሕይወት ያለ ሰው ፎርማ ወደ ውስጥ ተሻግሮ አያውቅም። ቢሆንም ወንበር ላይ ወጥታ ከጋሼ ጎን ሰቀለችው። ከዚያ ወርዳ ቦቲውን እንደ ሥራዋ አሳምራ ሠራች።

ከሰዓት በኋላ ክሬን ሲገባ ጡጫው እንደልማዱ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ባዶ ሚስማር አገኘ።

«ፎርማዬስ?»

እትዬ በወስፌዋ አመለከተችው። ክሬን ቀና ብሎ አየ። አባቱ፣ አጎቱ፣ ጋሼ፣ እሱ።

«እትዬ» አለ ድምፁ ወርዶ። «በቁሜ ቀበርሽኝ?»

«እኔ አልቀበርኩህም። አንተ ሄደህ ተሰልፈሃል፤ እኔ ቦታህን ነው ያዘጋጀሁልህ።»

«አውርጂው!»

«አላወርድም። አባባን አሻግሬያለሁ፤ ጋሼን አሻግሬያለሁ። አንተን ግን ከሞትክ በኋላ ማሻገር አልችልም፤ እጄ አይታዘዘኝም። ስለዚህ አቅም ሳለኝ ዛሬ ጨረስኩት።» ወስፌዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። «እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኩህ። ሕዝቡ መጥቶ ‘በቁሙ ሞተ’ ሲለኝ አንገቴን ቀና ላደርግ አልችልም። ሰምተኸኛል? አልኮራብህም! በሞትህ አልኮራብህም!»

ክሬን እንዲህ ያለ ቃል ከእሷ አፍ ሰምቶ አያውቅም። ቦቲውን ሳይወስድ፣ ወጥቶ በሩን ደርግሞት ሄደ። እትዬ ከወንበሯ ሳትነሳ መሸባት። ወንድሟን በገዛ እጇ ያጣችው መሰላት።

በማግሥቱ ሱቋን ሳትከፍት ወደ ሆስፒታሉ ሄደች፤ አልሆነልኝም ብላ ለዶክተሯ ልትነግራት ነው። ኮሪደሩ መሀል ስትደርስ ከመጋረጃው ኋላ ድምፅ ሰማች።

«ኧረ ቀስ በይ እቴ! ግድግዳ ነው እንዴ የምትበሺው?»

እትዬ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ያ ፍሪጅ አዛይ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራው የዚያ ጡጫ ባለቤት፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። ለካስ ይህ ሁሉ ወሬ፣ ጀግና አሟሟት ምናምን፣ ግማሹ መርፌ መፍራት ኖሯል!

«እየሳቅሽብኝ ነው አይደል?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በእርምጃዋ አውቋት።

«ኧረ እኔ» አለች እትዬ። እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር።

ምርመራው የዶክተሯን ፍራቻ እውነት አደረገው። ከልቡ ቧንቧዎች አንዱ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም፤ ለእትዬ ምስሉን ሲያሳዩዋት ያ ቀዳዳ የእሷን ክር እንኳ የሚያሳልፍ አልመሰላትም። ከእጅ አንጓው ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ልቡ ደርሰው ከፈቱለት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘለት። እትዬ ከሆስፒታል በቀጥታ ሱቋ ሄዳ ፎርማውን ከጋሼ ጎን አወረደችና ወደ መስኮቱ መለሰችው። ጋሼ አይቀየምም፤ የጥጧንም ምስጢር የጠበቀላት ሰው ነበር። ክሬንም ሲያገግም ራሱ መሸከሙን ተወና ሌሎች ሲሸከሙ ከታች ቆሞ «ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ!» የሚል አለቃ ሆነ፤ ድምፁ ደግሞ ከፍሪጅ ይከብዳል።

ጥናቱ ታትሞ የወጣ ጊዜ ዶክተሯ ራሷ ይዛው ሱቁ መጣች። እትዬና ክሬን ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። ያ የዘር ሐረግ አለ፤ ካሬዎቹ አሉ፣ ክቦቹ አሉ። ከላይ ግን «ቤተሰብ ሰባት» ይላል።

«ስማችንን የት ጣሉት?» አለ ክሬን።

«ስም አይጻፍም። ምስጢራችሁን ለመጠበቅ ነው» አለች ዶክተሯ።

«ማን ምስጢር ጠብቁልኝ አላችሁ? እንደዚያ መርፌ የተወጋሁት ሰባት ለመባል ነው? ጅማቶቹ ብላችሁ ጻፉት እንጂ!»

ዶክተሯ ስቃ ስታበቃ በዚህ ጥናት የተነሳ ሆስፒታሉ ምን እንደጀመረ ነገረቻቸው። አሁን አንድ ሰው በጉብዝናው በልብ ሕመም ሲሞት ልጆቹና ወንድሞቹ ተጠርተው ይመረመራሉ፤ ተማሪ ሐኪሞችም የታማሚን ጫማ አስወልቀው ተረከዙን እንዲያዩ ይታዘዛሉ። እትዬ ይህን ስትሰማ አባቷን አሰበች። ጎንበስ ብሎ ተረከዝ ይቆነጥጥ የነበረው የዋህ ሰው! ያየው ነገር እውነት ነበር፤ የተሳሳተው ትርጉሙን ነው፤ ትርጉሙን ለማግኘት ደግሞ የእሱ ልጆች ደም ረድቷል። ያን ገጽ በመስታወት ክፈፍ አስገብታ በመስኮቱ በኩል፣ ከሕያዋኑ ጋር ሰቀለችው። ደንበኛ ሁሉ ሰባት የተባለው የማን ቤት እንደሆነ ሳይነገረው አይወጣም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ክሬን ከልጁ ጋር ሱቁ ገባ፤ ልጅቷ አድጋ አባቷን በቁመት ልትደርስበት ነው። ፎርማውን ኳ አደረገና እግሩን ዘረጋ።

«እትዬ፣ እጅሽ ከዳሽ እንዴ? ይኼ አዲሱ ጫማ ኋላው ይሰፋኛል።»

«የኔ ስፌት?» እትዬ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «የኔ ስፌት ነው የሚሰፋህ? ወዲህ በል እግርህን!»

እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ካልሲውን ሳበች። ለስድብ የተዘጋጀው አፏ ተከፍቶ ቀረ። ጅማቱን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ላይ ወደ ታች አለች። ከስቷል። ያ ገመድ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲወፍር የኖረው፣ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ አክስቶታል። ፒንሳዋን አነሳች፤ ፎርማውን አውርዳ ከላይ ያለውን ቁራጭ ቆዳ ከነሚስማሩ ነቀለችው። በዚያ ቤት ፎርማ ላይ ቆዳ ሲጨመር እንጂ ሲነሳ ማንም አይቶ አያውቅም።

«ጉልበቴ እየሄደ ነው በይኛ» አለ ክሬን።

«ይሂድ። ሽበትህ መጥቷል፤ እሱ ይበቃሃል» አለችው። እውነቷን ነው፤ ጆሮ ግንዱ ነጥቷል። በጅማቶቹ ቤት የመጀመሪያው ሽበት ነው፤ ክሬንም ባርኔጣ ማድረግ ከተወ ቆይቷል።

«የመጣነው ለሷ ነው» አለ ወደ ልጁ እያሳየ። «ፎርማ ይቀረጽላት። ደርሳለች።»

ከዚያ ማንም ሳይነግረው ልጁን አስቆመ። አባቱ ያደርግ እንደነበረው ጎንበስ አለና የተረከዟን ጅማት በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አደረገ። ለቀቀ። እንደገና ቆንጠጥ አደረገ። እትዬ ፒንሳዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ ያን እጅ፣ ያን ፍለጋ ታውቀዋለች። ልጅቷ ደሟ እንደ አባቷ ደም ነው፤ ግን ከትንሽነቷ ጀምሮ መድኃኒቷን አቋርጣ አታውቅም።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የምትፈልገው?» አለች ልጅቷ።

ክሬን ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ምንም የለም እትዬ» አለ። «ምንም የለም! ቀጭን ነው፣ እንዳንቺ!» ተነስቶ የልጁን ትከሻ በዚያ ትልቅ እጁ መታ አደረገና በኩራት ጮኸ፦ «ይቺ የኔ ልጅ ናት! እትዬን ነው የወጣችው!»

መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ መለኪያዋን የምትፈልግ ለመምሰል። ቁራጭ ቆዳ ያለበትን ሳጥን በእግሯ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፋችው፤ ለዚህ ፎርማ አያስፈልግም።

«ነይ የኔ እናት» አለች መለኪያዋን አንስታ። «እግርሽን አምጪ።»